ያልተሰማው የመጀመሪያ ሸክላ፦ የሙላቱ አስታጥቄ «አፍሮ ላቲን ሶል» እና የጀማሪ ሥራ ዕጣ

በሙያ ማኅበር ዓመታዊ መጽሔት ላይ ስለ ሙዚቃ ሸክላ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ከሀገራቸው የወጡት ምሕንድስና ለመማር ነበር። የሥራቸውም ታሪክ የሚያስነሣው ጥያቄ ንድፍ የሚያወጣውን፣ የሚያሰላውንና የሚገነባውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ሰው በሙያው ከገነነ በኋላ፣ ማንም ልብ ሳይለው ያለፈው የመጀመሪያ ሥራው ምን ዋጋ አለው?

ሙላቱ አስታጥቄ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የኢትዮ ጃዝ አባት» ተብለው ይታወቃሉ። በ1966 በኒው ዮርክ ከተማ «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርእስ ያሳተሟቸው ሁለት ሸክላዎች ግን በወጡበት ዘመን ያገኙት አድማጭ ጥቂት ነበር። በሰፊው ዳግመኛ ታትመው ለሕዝብ የቀረቡት ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ2018 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሸክላዎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት እንደ ጨዋ የወጣትነት ሥራ፣ ለታላቁ ሥራ እንደ መንደርደሪያ ብቻ ተቆጥረው ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ሙላቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ የተቀመጠው በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ነውና፣ እነርሱን ሳያዳምጡ የኋለኛውን ሥራ በሚገባ መረዳት አስቸጋሪ ነው።

ከጅማ እስከ ኒው ዮርክ

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ከተማ ተወለዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቤተሰባቸው ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ ብሪታንያ ላኳቸው፤ በዌልስ በሚገኝ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤትም ገቡ። በዚያ ዘመን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የዚህ ዓይነቱ ዕድል እጅግ ታላቅ ነበር። ሀገሪቱ መንገድ፣ ድልድይ፣ አውሮፕላንና የኤሌክትሪክ ኃይል ትፈልግ ነበር፤ ባለሙያዎቿንም በብዛት የምታገኘው ከውጭ ነበር። መምህራኑ ግን በልጁ ውስጥ ሌላ ተሰጥዎ አዩ። ሙላቱም ምሕንድስናውን ትተው ወደ ለንደን በመሄድ ሙዚቃ ማጥናት ጀመሩ፤ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ ከመጡ ሙዚቀኞች ጋርም ተጫወቱ።

ከለንደን ቀጥሎ ያመሩት በቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እንደሆኑ ይነገርላቸዋል። የዚህ ትምህርት ቤት አመሠራረት ለእኛ ለመሐንዲሶች ልዩ ትርጉም አለው። መሥራቹ ሎውረንስ በርክ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠለጠኑ መሐንዲስ ነበሩ። በ1945 ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ «ሺሊንገር ቤት» ብለው የሰየሙት ጆሴፍ ሺሊንገር በተባሉ ሊቅ ስም ነው። ሺሊንገር ዜማንና ምትን በቁጥር፣ በመደጋገምና በመለዋወጥ ሕግ የሚተነትን ዘዴ ያዘጋጁ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ምሕንድስናን የተዉት ወጣት የገቡት አንድ መሐንዲስ የሙዚቃን አሠራር በስሌት ለማስተማር ወደመሠረቱት ቤት ነበር ማለት ነው።

በሸክላዎቹ ላይ ምን አለ

ሙላቱ ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ ከሄዱ በኋላ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ስሙ የኢትዮጵያ ይሁን እንጂ አብረዋቸው የሚጫወቱት በኒው ዮርክ የላቲን ሙዚቃ ያደጉ ባለሙያዎች ነበሩ። ጊል ስናፐር የተባሉ አሳታሚ ወርዚ በተባለው አነስተኛ ኩባንያቸው አማካይነት የባንዱን ሁለት ሸክላዎች በ1966 አወጡ። ሙላቱ በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር።

የዜማዎቹን ርእስ ማየት ብቻ የወጣቱን ሐሳብ ይገልጣል። «መስከረም ሲጠባ»፣ «አልማዝ»፣ «ቆንጂት»፣ «ከረዩ» እና «የአዲስ አበባ ልጅ» የሚሉ ርእሶች በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ የጭፈራ ቤቶች ከሚወደዱት ከማምቦ፣ ከቻቻቻና ከቡጋሉ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ሸክላ የሚከፍተው «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» የሀገራችን የጥንት የጀግና ዘፈን ሲሆን፣ የሚዘፈነው በእስፓንኛ ቋንቋ ነው። አንድ የኢትዮጵያ የፉከራ ዘፈን በካሪቢያን ከበሮ ታጅቦ፣ በእስፓንኛ፣ በኒው ዮርክ ከተማ! ይህን የመሰለ ድፍረት በ1966 ከሌላ ሙዚቀኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ከድፍረቱ ሥር ያለው የሙያ ችግር ግን ይበልጥ ጠቃሚ ነው። የሀገራችን ዓለማዊ ዜማ በዋነኛነት የሚመሠረተው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚባሉት ቅኝቶች ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች ብቻ አሉት። የአውሮፓውያን ሙዚቃ፣ ጃዝም ጭምር፣ የሚሠራው በ12 ድምፆች ሲሆን፣ ድምፆችን በአንድነት አነባብሮ ኅብረ ድምፅ መፍጠር የባሕርዩ ነው። አምስቱን ድምፆች ይዞ በዚህ ሥርዓት ኅብረ ድምፅ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ከቅኝቱ ውጭ ያሉ ድምፆችን ማስገባት ግድ ይሆንበታል። እነዚህ ባዕድ ድምፆች ሲበዙ ቅኝቱ ይጠፋል፤ አድማጩም ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን ሳይሆን ሌላ ነገር ይሰማል። እጅግ ሲያንሱ ደግሞ ኅብረ ድምፁ ባዶና ደካማ ይሆናል። እንግዲህ ችግሩ የሚዛን ነው፦ ከ12ቱ ድምፆች ስንቱን፣ የትና ለምን ያህል ጊዜ ማስገባት ይቻላል?

ሙላቱ በ1966 የሰጡት መልስ በምት ላይ ያተኮረ ነበር። ዜማውን ለራሳቸው ቫይብራፎንና ለፒያኖው ሰጥተው፣ ከሥሩ የላቲን ከበሮ በማስገባት፣ የኅብረ ድምፁን ሸክም በከፊል በምቱ ላይ አሳረፉት። ምቱ በበረታበት ቦታ ጆሮ ብዙ ኅብረ ድምፅ አይፈልግም፤ በዚህም ቅኝቱ የተወሰነ ነጻነት አገኘ። የላቲን ምት የአፍሪካ ተወላጆች ወደ ካሪቢያን ይዘውት የሄዱት ውርስ ስለሆነ፣ ምርጫው ከታሪክም አንጻር መሠረት ያለው ነበር። መልሱ ግን ሙሉ አልነበረም። ባዕዱ ምት ዜማውን እንደ ደገፈው ሁሉ ውጦትም ነበር።

ለምን ሳይሰማ ቀረ

ሸክላዎቹ ያልተሰሙት በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የኒው ዮርክ የላቲን ሙዚቃ ገበያ በዚያ ጊዜ የሞላ ነበር። ቲቶ ፑዌንቴና ሞንጎ ሳንታማሪያ በገነኑበት ወቅት፣ ካል ጄደርም ቫይብራፎንን ከላቲን ምት ጋር አዋሕደው ለብዙ አድማጭ ባስተዋወቁበት ጊዜ፣ አንድ ያልታወቀ ወጣት በአነስተኛ ኩባንያ ያሳተመው ሸክላ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል። አድማጭ ደግሞ የሚያውቀውን ይሰማል። ኒው ዮርካዊው አድማጭ ከሸክላዎቹ የሰማው የሚያውቀውን የላቲን ጃዝ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን የኢትዮጵያ ቅኝት ለይቶ የሚሰማበት ልምድ አልነበረውም።

በሀገር ቤት ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነበር። ቅኝቱን ከመጀመሪያው ድምፅ ለይቶ የሚያውቀው የአዲስ አበባ አድማጭ ሸክላዎቹን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። ታላላቆቹ ባንዶችም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ከዚህም ሌላ ሕዝባችን ለቃል ታላቅ ፍቅር አለው። ሰምና ወርቅ በሚፈልግ አድማጭ ዘንድ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ዘፋኙ እስኪመጣ ድረስ የሚሰማ መጠበቂያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የሸክላዎቹ ዜማ በሚታወቅበት አገር ሸክላዎቹ አልደረሱም፤ ሸክላዎቹ በተሸጡበት አገር ዜማው አልታወቀም።

ሁለተኛው ሙከራ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሙላቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ጊዜው መልካም ነበር። በ1969 አመሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ የነበረውን ብቸኛ መብት በመድፈር በስማቸው የሚጠራ የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ። ሙላቱም ለዚሁ ኩባንያ ዜማ አቀናባሪ ሆነው ሠሩ። ቀድሞ ያልነበራቸውን ነገር፣ ማለትም ቅኝቱን በደም ሥራቸው የያዙ የሀገር ልጆች ተጫዋቾችን አገኙ።

በ1972 ሙላቱ እንደገና ወደ ኒው ዮርክ ሄደው፣ ለዚያው ለወርዚ ኩባንያ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ቀረጹ። ለታሪክ ተመራማሪ ዋናው ማስረጃ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በ1966 የተቀረጸው «መስከረም ሲጠባ» በ1972ቱ ሸክላ ላይ እንደገና ተሠርቷል። አንድ ሰው፣ አንድ ዜማ፣ አንድ ኩባንያ፣ አንድ ከተማ፤ የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው። በምሕንድስና ቋንቋ ብንናገር፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ አንዱን ብቻ ለውጦ እንደ መለካት ያለ ነው።

ሁለቱን አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። በሁለተኛው የላቲኑ ምት ወደ ኋላ አፈግፍጓል፤ ባሱ ከብዷል፤ ዜማው የሚተነፍስበት ቦታ አግኝቷል። ሙላቱ ቅኝቱን በምት ከመደገፍ ይልቅ ኅብረ ድምፁን ራሱን ከቅኝቱ ውስጥ ማውጣትን መርጠዋል። «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የታወቀው የሠርግ ዜማም በዚሁ ሸክላ ላይ በዚህ አሠራር ቀርቧል። በ1966 የተነሣው ጥያቄ በ1972 የተሻለ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። ይህን ማለት የሚቻለው ግን የ1966ቱ ሸክላ ስላለ ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ከሰማይ የወረደ ይመስል ነበር።

ዝና በየትኛው በር ገባ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አዳከመው፤ አመሃ እሸቴም በ1975 ከሀገር ወጡ። ሙላቱ ግን በሀገር ቤት ቆይተው ማስተማርና መሥራት ቀጠሉ። ዝናው ከውጭ የመጣው ዘግይቶ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ባዘጋጁት ተከታታይ እትም ውስጥ አራተኛው ቅጽ በ1998 ወጣ፤ ቅጹም የሙላቱን ሥራዎች የያዘ ነበር። በ2005 ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልማቸው ውስጥ እነዚህን ዜማዎች አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሙላቱ ስም ከጃዝ አድማጮች ክበብ አልፎ ወጣ። በ2010 ደግሞ ታዋቂው ራፐር ናስና ዴሚየን ማርሊ በኅብረት ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ «የገሌ ትዝታ» ከተባለው የሙላቱ ዜማ የተቆረጠ ክፍል ተጠቅመዋል። ራፐሮች የቆየ ሸክላ ፈልገው፣ ከውስጡ ጥቂት ሴኮንዶች ቆርጠውና ደጋግመው አዲስ ሥራ የመሥራት ልማድ ስላላቸው፣ የብዙ የተረሱ ሙዚቀኞችን ስም ያነሡ እነርሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የ1998ቱ ቅጽ በርእሱ ላይ ያሰፈረው ዘመን ከ1969 እስከ 1974 ያለውን ነው። ቅጹ ለሀገራችን ታላቅ ውለታ ቢውልም፣ ዓለም የሙላቱን ታሪክ ከ1969 እንደ ጀመረ አድርጎ ተረድቶታል። ስለዚህ ዝናው ሲመጣ የ1966ቱ ሸክላዎች ከመታወስ ይልቅ ለተጨማሪ 20 ዓመታት ከታሪኩ አጥር ውጭ ቆዩ። የመጀመሪያ ሥራን የሚያስረሳው አለመታወቅ ብቻ አይደለም፤ ኋላ የሚመጣ ስኬትም ያስረሳዋል።

የዲትሮይቱ ምሳሌ

ይህ ዕጣ በሙላቱ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1996 ኤሚኔም የተባለ የዲትሮይት ከተማ ራፐር «ኢንፊኒት» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። የታተመው አንድ ሺህ ያህል ቅጂ ነበር፤ ያንንም ለመሸጥ አስቸገረ። የሰሙት ሰዎች ወቀሳ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ሌሎችን ትመስላለህ» አሉት። ከሚመስላቸው ሰዎች ዋነኛው ያ ከላይ የተጠቀሰው ናስ ነበር። በ1999 ያወጣው ሁለተኛ አልበሙ በሚሊዮን ሲሸጥ፣ የመጀመሪያው ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ። ይሁን እንጂ «ኢንፊኒት»ን የሚያዳምጥ ሰው ኋላ የታወቀበትን የቃላት አገጣጠም ብልሃት፣ በአንድ መሥመር ውስጥ ብዙ ቤት መምታትን፣ በሙሉ ኃይሉ ያገኘዋል። የጎደለው የራሱ ድምፅ ነበር። ወቀሳው ምን እንደሚጎድለው አሳየው፤ ሥራው ደግሞ ምን እንዳለው አስመሰከረለት።

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸው ይህ ነው፦ ሁለቱም በመጀመሪያ ሥራቸው ላይ ሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። ሁለቱም የተዋሱትን ነገር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሠርተው ካዩት በኋላ ነው ከእርሱ የተለዩት።

ለእኛ ምን ይነግረናል

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚሠራው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ነው። በ2014 አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚሁ ነው። አካባቢው በአብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ መንገድ የሚሠራ ሰው ሙሌቱን በሙሉ ከመዘርጋቱ በፊት አጭር የሙከራ ክፍል ይሠራል። የንብርብሩን ውፍረት፣ የውኃውን መጠን፣ መዳመጫው የሚመላለስበትን ቁጥር እየለዋወጠ ይለካል፤ የተስማማውንም ይመርጣል። የሙከራ ክፍሉ ለምረቃ አይቀርብም፤ ስሙንም የሚያነሣው የለም። መዝገቡ ግን የመንገዱ ሁሉ ትርጉም የተጻፈበት ነው። በአንድ ወቅት ባየሁት አንድ የግንባታ ሥራ ላይ ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ የሙከራ መዛግብቱ ከቆሻሻ ጋር ተጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንገዱ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ያ የውኃ መጠን ለምን እንደ ተመረጠ ሊናገር የሚችል አንድ ወረቀት አልተገኘም። ጥገናው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ፤ ወጪውም እንዲሁ።

የ1966ቱ ሸክላ ለሙዚቃችን እንደዚያ መዝገብ ነው። ሙላቱ ኋላ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በእንግድነት በቆዩ ጊዜ ክራርን ተጨማሪ ድምፆች እንዲያወጣ አድርጎ ለማሻሻል ሠርተዋል፤ ይህም የአምስቱና የ12ቱ ድምፆች የቀድሞ ጥያቄ በሌላ መሣሪያ ላይ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በ2012 የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ2025 ደግሞ፣ ዕድሜያቸው 80 ካለፈ በኋላ፣ የራሳቸውን የቀድሞ ድርሰቶች እንደገና አቀናብረው አዲስ አልበም አወጡ። ወደ ቀድሞ ሥራው እየተመለሰ የሚፈትሽ ሰው የመጀመሪያ ሙከራውን አያፍርበትም።

ዛሬ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች መካከል በስልካቸው ምት ከፍተው የራሳቸውን ራፕ የሚቀርጹ ወጣቶች ማየት የተለመደ ነው። አብዛኞቹ አሜሪካውያንን ይመስላሉ፤ ይህም ለወቀሳ ምክንያት ይሆናል። ከእነርሱ መካከል ማን እንደሚገንን አይታወቅም። የሚገንነው ግን ዛሬ በስልኩ የያዘውን ቅጂ ነገ ስልኩ ሲበላሽ ያጣዋል። ሸክላ ቢያንስ በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ 52 ዓመት ሊተርፍ ይችላል፤ የስልክ ቅጂ ይህን ያህል ዕድሜ የለውም።

የማኅበራችን አባላትም በየመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ ንድፎች፣ ያልተቀበሏቸው ሐሳቦችና ያልተሳኩ ሙከራዎች አሉን። የተሳካው ሥራ ራሱ ቆሞ ይመሰክራል፤ ጠባቂ የሚያስፈልገው ሌላው ነው። እያንዳንዱ አባል ከሥራው የመጀመሪያ ዓመታት አንድ የሙከራ መዝገብ ወይም አንድ የተተወ ንድፍ፣ ቀኑንና ምክንያቱን ጽፎ ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ፣ ወጪው አንድ አቃፊ ብቻ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ መልሱን ከነጥያቄው ያገኘዋል።